«የዕብደቱ ምክንያት»፦ የጋንጃ ክርክር ታሪካዊ ቅኝት

ካናቢስ የተባለው ዕፅ በሕግ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል፣ ከተፈቀደስ ማን ያብቅለው፣ ማን ይሽጠው፣ ቀረጡንስ ማን ይሰብስብ የሚለው ክርክር የዘመናችን ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ኡሩጓይ በ2013 ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ ዕፁን ከአተካከሉ እስከ አሻሻጡ በሕግ ሥር ስታውለው፣ ካናዳ በ2018 ስትከተላት፣ በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንድ ዐዋቂ ሰው በግል ስፍራው ቢጠቀምበት ወንጀለኛ እንደማይባል ሲፈርድ፣ ነገሩ ታይቶና ተሰምቶ የማይታወቅ ተደርጎ ተወርቷል። ነገር ግን አንድ መንግሥት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ፣ አጣሪ ኮሚሽን ሠይሞ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ምስክር ሰምቶ፣ መልሱን በሰባት ጥራዝ ካሳተመ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መንግሥቱ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት፣ አገሩም ሕንድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የነገሩ መነሻ ጋንጃ ሳይሆን ኦፒየም ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ በሕንድ ገበሬ ጉልበት የተመረተውን ኦፒየም ለቻይና እየሸጠች ግምጃ ቤቷን ሞልታለች፤ የዚህ ንግድ በር እንዳይዘጋባትም ሁለት ጊዜ ጦርነት ከፍታለች። ይህ ነውር ያንገሸገሻቸው የሃይማኖትና የፀረ መጠጥ ማኅበራት በለንደን ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ የኦፒየሙ ክስ ጎረቤቱን ጋንጃንም ጎትቶ ወደ ችሎት አመጣው። ማርች 2 ቀን 1893 ማርክ ስቱዋርት የተባሉ የእንግሊዝ ሕዝባዊ ምክር ቤት አባል፣ በቤንጋል የጋንጃ እርሻና ንግድ በሕዝቡ ኑሮና ሥነ ምግባር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር፣ መከልከሉ ይበጅ እንደሆነም እንዲታይ ጠየቁ። የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩም ጥያቄውን ተቀበሉ። ካልካታ የነበረው መንግሥት በበኩሉ ምርመራውን ከቤንጋል አልፎ በመላው ሕንድ እንዲካሄድ አሰፋው።

የኮሚሽኑ አባላት ሰባት ነበሩ፤ አራቱ እንግሊዛውያን፣ ሦስቱ ሕንዳውያን። ሊቀ መንበሩ ማክዎርዝ ያንግ የፑንጃብ የፋይናንስ ሹም ነበሩ። ከአባላቱ አንዱ በካልካታ የሕክምና ኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሐኪም ሲሆኑ፣ ከሕንዳውያኑ መካከል ደግሞ አንድ ራጃ ይገኙበታል። ኮሚሽኑ በኦገስት 1893 በካልካታ ተሰብስቦ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እየተዘዋወረ የ1,193 ምስክሮችን ቃል ተቀበለ። ሪፖርቱም በ1894 ተጠናቀቀ። ገጾቹ ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው።

ከዚህ በፊት ስለ ዕፁ ጥቂት መባል አለበት፤ ዛሬ በጥቅሉ «ካናቢስ» የምንለውን ሕንዳዊው በአንድ ስም አይጠራውምና። ባንግ ቅጠሉ ነው። ከወተት፣ ከስኳርና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተወቅጦ ይጠጣል፤ በሺቫ አምላኪዎች ዘንድ የተቀደሰ ነው፤ በበዓል ቀን ጨዋው ቤተሰብም ይቀምሰዋል። ጋንጃ ዘር ያልያዘችው እንስት ተክል የአበባዋ ራስ ሲሆን፣ የሚጨሰውም እርሱ ነው፤ ባሕታዊው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ጭነት ተሸካሚው የድካሙ ማባረሪያ አድርጎታል። ቻራስ ደግሞ ሙጫው ነው፤ ከመካከለኛው እስያ ከያርካንድ ተነሥቶ የሂማላያን በረዶ በጭነት ከብት ጀርባ እያቋረጠ ይገባ ነበር።

የቤንጋል ጋንጃ የሚበቅለው ዛሬ በባንግላዴሽ ውስጥ በሚገኘው በናኦጋኦን አካባቢ ነበር። ገበሬው ከመንግሥት ፈቃድ ሳያወጣ አይተክልም። ተክሉ ሲያድግ «ፖዳር» የሚባለው ባለሙያ ይጠራና በየትልሙ መካከል እየተመላለሰ ወንዱን ከሴቷ እየለየ ይነቅላል፤ ከወንዱ ጥቂት ቢያመልጠው ሴቶቹ ዘር ይይዙና ጋንጃው ይበላሻልና። ምርቱ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ይገባል፤ ሲወጣ በክብደቱ ይቀረጣል፤ ቸርቻሪውም ለሱቁ ፈቃድ ይገዛል። እንግዲህ ዛሬ በሞንቴቪዲዮና በኦታዋ እንደ አዲስ ጥበብ የሚታየው የፈቃድ፣ የመጋዘንና የቀረጥ ሥርዐት ናኦጋኦን ላይ በገበሬ እጅ ይሠራበት የነበረ ነው። ልዩነቱ ማን እንዲጠቀምበት ተብሎ ተሠራ የሚለው ላይ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የኮሚሽኑ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ዕብደትን በሚመለከተው ምዕራፍ ነው።

ጋንጃ ሰውን ያሳብዳል የሚለው እምነት በዚያን ዘመን በሕንድ ሹማምንትና ሐኪሞች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ እውነት ይቆጠር ነበር። ማስረጃው ምንድር ነው ቢባል ሁሉም የሚጠቁመው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ቤቶች መዝገብ። በየዓመቱ ከመጠበቂያ ቤቶቹ የሚወጣው ሠንጠረዥ የዕብደት ምክንያቶችን ሲዘረዝር ለጋንጃ ከፍ ያለ ስፍራ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ታትሟል፤ የታተመው ይጠቀሳል፤ የተጠቀሰው ተመልሶ ይታተማል። ኮሚሽኑ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፣ ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበሩት አላደረጉትም። ቁጥሩን ከመድገም ይልቅ ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ።

መልሱ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው በገበያ ወይም በመንገድ ላይ ራሱን ስቶ ሲጮህ ይያዛል። የያዘው ፖሊስ ወይም የዳኛው ጸሐፊ ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ዘር፣ ሥራ፣ ከዚያም «የዕብደቱ ምክንያት»። ሰውዬው አይናገር፣ ቢናገርም አይታመን፤ ዘመዶቹ በሌላ አገር ናቸው፤ ጸሐፊው ግን ባዶ ቦታውን መሙላት አለበት። በኪሱ የጋንጃ ቁራጭ ከተገኘ፣ ወይም አንድ መንገደኛ «ሲያጨስ አይቼዋለሁ» ካለ፣ ነገሩ አለቀ፤ «ጋንጃ» ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱ ከሰውዬው ጋር መጠበቂያ ቤት ይደርሳል። እዚያ ያለው ሐኪም በሽተኛውን የሚያይበት ጊዜም የሚያነጋግርበት ቋንቋም ይጎድለዋልና ከፖሊሱ ወረቀት ገልብጦ በመዝገቡ ያሰፍራል። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ተደምሮ «ሳይንስ» ይሆናል።

የተውኔት ጸሐፊ ነኝና ይህን ትዕይንት ባነበብሁ ቁጥር ከሐኪሙም ከሊቀ መንበሩም ይልቅ ያ ጸሐፊ ነው ዐይኔ ላይ የሚሄደው። ክፋት የለበትም። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ አንዲት ባዶ ቦታ መሙላቱ ብቻ ነው። የጻፋት አንዲት ቃል ባሕር ተሻግራ ሕግ እንደምትሆን ቢነግሩት ይስቅ ነበር።

ኮሚሽኑ በ1892 ወደ መጠበቂያ ቤቶቹ የገቡትን 1,344 ሕሙማን መዝገብ ይዞ በጋንጃ የተመካኘባቸውን አንድ በአንድ ወደ መጡበት ሰፈር እየተከታተለ አጣራ። ዘመድ ተጠየቀ፣ ጎረቤት ተጠየቀ፣ የመንደር ሹም ተጠየቀ። በዘር የወረደ ሕመም የነበረባቸው፣ የሚጥል በሽታ የያዛቸው፣ መጠጥ ያጠቃቸው፣ ከነጭርሱ ጋንጃ ቀምሰው የማያውቁም ተገኙ። ተጣርቶ በመጨረሻ ከዕፁ ጋር ሊያያዝ ይችላል የተባለው 98 ሰው ብቻ ነበር፤ ከመቶ ሰባት ግድም ማለት ነው። ከነዚህም ሌላ ምክንያት ያልታየባቸው 61 ናቸው። ልብ እንበል፤ ኮሚሽኑ «ጋንጃ ማንንም አያሳብድም» አላለም። ስድሳ አንድ ሰው ስድሳ አንድ ሰው ነው። ዛሬም ሕክምና የዕፁ ብዙ መጠን፣ በተለይ ገና በለጋ ዕድሜ ሲጀመር፣ ለአእምሮ ሕመም እንደሚያጋልጥ ይናገራል። ኮሚሽኑ ያፈረሰው አንድን ልማድ ነው፤ መነሻው ሳይታወቅ ሲወራረድ የኖረን ድምር እንደ ማስረጃ የመቁጠርን ልማድ።

ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ይታወቃል። በመጠን የሚወስዱት እጅግ ይበዛሉ፣ እነርሱም የሚጎዱት ጉዳት ይህን ያህል አይደለም፤ ከመጠን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው፣ እነርሱ ግን ይጎዳሉ። ስለዚህ ፍጹም ክልከላ አስፈላጊም ተገቢም አይደለም፤ ይልቁንም እርሻው በፈቃድ ይወሰን፣ ቀረጡ ከፍ ይበል፣ ሱቆቹ ይቀነሱ፣ አንድ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚችለው መጠን ይገደብ። ቢከለከልስ? ሕዝቡ ወደ መጠጥና ከዚህም ወደ ባሱ መርዞች ይዞራል ሲሉ ሰጉ። ባሕታውያኑ በመንግሥት ላይ ሊያስነሡት የሚችሉትን ሁከትም አስበዋል።

እዚህ ላይ ቅን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። በዘመናችን የዕፁን ሕጋዊነት የሚደግፉ ጸሐፊዎች ይህን ሪፖርት እንደ ወንጌል ሲያነቡት አያለሁ። የዋህነት ነው። ኮሚሽኑን የሠየመው መንግሥት ከጋንጃ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ የፋይናንስ ሹም እንደነበሩም አይተናል። ቃላቸውን ከሰጡት መካከል ሹማምንት፣ ሐኪሞች፣ ሚሲዮናውያንና ባለ ርስቶች ሲሞሉ፣ ጋንጃውን የሚያጨሰው ጀልባ ቀዛፊ ስለ ራሱ የተናገረበት ገጽ ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ፣ ከሦስቱ ሕንዳውያን አባላት ሁለቱ፣ ራጃ ሶሺ ሲካሬሽዋር ሮይና ላላ ኒሃል ቻንድ፣ በብዙኃኑ አስተያየት ሳይስማሙ የየራሳቸውን የተቃውሞ ማስታወሻ ከሪፖርቱ ጋር አያይዘዋል። ገዥዎቹ «አይጎዳም» ሲሉ ከተገዥዎቹ ወገን የመጡት መቃወማቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በእርግጥ ሁለቱም የባለጠጋው መደብ ሰዎች ነበሩ፤ የቀዛፊውን ጢስ የሚያዩት ከሰገነት ላይ ነው። ቢሆንም ቅኝ ገዥ መንግሥት የተገዥውን ልማድ «እናከብራለን» ሲል፣ ማክበሩና ማትረፉ የተቃቀፉበትን ቦታ እነርሱ ከእኛ ይልቅ በቅርብ ያውቁት ነበር። የገምጋሚዎቹ ጥቅም ግን የመዝገቡን ምርመራ ውሸት አያደርገውም። እኔ ከሰባቱ ጥራዝ አንድ ነገር አድን ብባል የማድነው ያንኑ ምርመራ ነው።

ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ዓለም አቀፉ ክርክር ሲከፈት የተነበበው ሌላ መዝገብ ነው።

በካይሮ አባሲያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልን ከ1895 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዋርኖክ በ1903 ሐሺሽ የሚያመጣውን ዕብደት የሚመለከት ጽሑፍ አሳተሙ። መሠረቱ የሆስፒታሉ መዝገብ ነበር። የካልካታው ጸሐፊ ሞቶ በካይሮ እንደገና የተወለደ ይመስላል። በ1924 መጨረሻ በጄኔቭ የተከፈተው ሁለተኛው የኦፒየም ጉባኤ ስለ ኦፒየምና ኮኬይን ሊመክር ነበር የተጠራው፤ የግብጹ መልእክተኛ ሞሐመድ ኤል ጉንዲ ግን ሐሺሽ አብሮ ካልታየ ጉባኤው ጎዶሎ ነው ብለው ተነሡ። በአገራቸው ከሚታየው ዕብደት ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ከሐሺሽ የመጣ ነው ሲሉም አስረዱ። ኤል ጉንዲን ማንቋሸሽ አይገባም። ግብጽ ከሁለት ዓመት በፊት ነጻነቷን ያወጀች አገር ነበረች፤ ኃያላኑ የራሳቸውን ንግድ ብቻ በሚመዝኑበት ጠረጴዛ ላይ አንድ አፍሪካዊ መልእክተኛ የፈላሁ ጤንነት ይመዘንልኝ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩ ግን ያ ያልተጣራው ቁጥር ነበር፤ የጋንጃን ልማድ የሚያውቁት የሕንድ መልእክተኞች ጥርጣሬ ቢያሰሙም ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1925 በተፈረመው ስምምነት «የሕንድ ሄምፕ» ገባበት።

በዋሽንግተን የሆነው ደግሞ ወደ ተውኔት የሚጠጋ ነው። በ1930 የተቋቋመው የፌደራል የናርኮቲክ ቢሮ ኃላፊ ሃሪ አንስሊንገር ከሜክሲኮ በመጡ ሠራተኞች አፍ ላይ የነበረውን «ማሪዋና» የሚል ቃል ይዘው ዘመቱ። ሐኪሙ ለዘመናት «ካናቢስ» እያለ በመድኃኒት ቤት ያዝዘው የነበረውና ይህ አዲስ ጭራቅ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ጭራቁ የባዕድ ስም ሲይዝ ይበልጥ ያስፈራል። በ1937 የቀረጥ ሕጉ ረቂቅ በኮንግሬስ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ተወካይ ዶክተር ዊልያም ውድዋርድ ቆመው ተቃወሙ። ረቂቁ በምስጢር ሲዘጋጅ እንደቆየ ተናገሩ፤ እስረኞች ይህን ዕፅ ይጠቀማሉ ከተባለ የወኅኒ ቤቶች አስተዳደር ለምን አልተጠየቀም፣ ሕፃናት ይጠቀማሉ ከተባለ የሕፃናት ቢሮ ለምን አልተጠየቀም አሉ። ኮሚቴው ቁጣ መለሰላቸው። በኋላም ረቂቁ በምክር ቤቱ ሲቀርብ አንድ አባል የሐኪሞች ማኅበር ስለዚህ ሕግ ምን ይላል ብሎ ጠየቀ። ከኮሚቴው አንዱ ተነሥቶ የማኅበሩ ተወካይ መጥተው ሙሉ ድጋፍ ሰጥተዋል ብሎ መለሰ፤ ስማቸውንም አሳስቶ ጠራ። ሕጉ አለፈ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኦገስት 2 ቀን ፈረሙበት። ይህን መድረክ ላይ ባወጣው ተመልካች አጋንኗል ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጠየቁ ሳይቀር መልሱን አለመስማቱ ልማድ ሆነ። የኒውዮርኩ ከንቲባ ላጋርዲያ ያስጠኑት ጥናት በ1944 ወጥቶ የአንስሊንገርን ክሶች አብዛኞቹን ሳይቀበል ሲቀር፣ አንስሊንገር አወገዙት። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሊቀ መንበሩን የመረጡለት የሼፈር ኮሚሽን በ1972 አንድ ሰው ለራሱ የሚይዘው ጥቂት መጠን ወንጀል መሆኑ ይቅር ሲል፣ ኒክሰን አልተቀበሉትም። በመካከሉ የ1961 ዓለም አቀፍ ስምምነት ካናቢስን ከሄሮይን ጋር በጥብቁ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሕንድን ለመሰሉ አገሮች ልማዳቸውን እንዲያጠፉ የ25 ዓመት ጊዜ ሰጠ። ሕንድ በ1985 ሕግ ስታወጣ ጋንጃንና ቻራስን ከለከለች፤ ቅጠሉን ግን ከካናቢስ ትርጓሜ ውጭ አደረገችው። ስለዚህ የሺቫ ባንግ ዛሬም በአንዳንድ ክፍለ ሀገሮች በመንግሥት ፈቃድ ይሸጣል፤ የበዓል ቀን ጽዋ ተረፈ፣ የቀዛፊው ጢስ ወደ ወኅኒ ወረደ። ዲሴምበር 2 ቀን 2020 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን ከዚያ ጥብቅ ሠንጠረዥ አወጣው፤ ዕፁ ቁጥጥር ባለበት በሌላው ሠንጠረዥ ግን እንዳለ ነው።

ቃልም እንደ ሰው ይሰደዳል። እንግሊዝ ባርነትን ካስቀረች በኋላ የጃማይካን የሸንኮራ እርሻ የሚያርስላት ጉልበት ስታጣ፣ ከ1845 ጀምሮ ሕንዳውያንን በኮንትራት እያስፈረመች ወደዚያ አጓጓዘች። «ጋንጃ» የሚለው ቃል ከነተክሉ በእነርሱ ጭነት ውስጥ ተሻገረ። በጃማይካ ድሃ ሕዝብ መካከል ሥር ሰደደ፣ በራስ ተፈሪያውያን ዘንድም ቅዱስ ሆነ፤ ጃማይካ በ2015 ሕጓን ስታሻሽል ይህንን ሃይማኖታዊ አገልግሎት ዕውቅና ሰጠችው። በ1948 ኢትዮጵያ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለደገፏት ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ በሰጠችው መሬት ላይ እነዚሁ ሰዎች ሲሰፍሩ ቃሉም አብሮ ገባ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዕፁ የተከለከለ ስለሆነ ለእነርሱ ጸሎት የሆነው ለሕጉ ወንጀል ነው።

ይህን የሚሰማ ብዙ ሰው ዕፁ ከውጭ የመጣ መጤ ነው ሊል ይችላል። በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ ከተባለ ስፍራ (የላስታው ላሊበላ አይደለም) በቁፋሮ የወጡ የጋያ ራሶች ግን ሌላ ይናገራሉ። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ በ1975 ባሳተሙት ጥናት በጋያዎቹ ውስጥ የተጋገረው ጥላሸት በኬሚካል ተመርምሮ የካናቢስ ምልክት ተገኝቶበታል፤ ዘመኑም 14ኛው መቶ ዘመን ግድም ነው። ትምባሆ ገና ከአሜሪካ ባልወጣበት ዘመን በጣና ዳር የሚያጨስ ሰው ነበረ ማለት ነው። ማን ነበር፣ ገበሬ ነው ወይስ ነጋዴ፣ ጋያው አይናገርም።

ለእኛ ግን ይህ ክርክር በርግጥ የሚነካን በጫት በኩል ነው። ጫት የሐረርጌ ገበሬ ማሳ፣ የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ፣ የወጣቱም ቀን ማሳለፊያ ነው፤ አንድ ወጣት አእምሮው ሲታወክም ጎረቤት ሁሉ «ጫት ነው ያሳበደው» ይላል። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በ1957 የኤደን የእንግሊዝ አስተዳደር ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ይገባ የነበረውን ጫት ከለከለ። ቃሚው ግን ጫቱን ከወሰን ማዶ ፈልጎ ከማግኘት አልቦዘነም፤ ያ ቀረጥ ቀርቶበት ወጪው የበዛበት መንግሥትም ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ በ1958 እገዳውን አነሣ። በለንደን ደግሞ የመንግሥቱ የዕፅ ጉዳይ አማካሪ ምክር ቤት በጃንዋሪ 2013 ማስረጃውን ሁሉ መርምሮ ጫት እንዳይከለከል መክሮ ነበር። የአገር ግዛት ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ምክሩን አልተቀበሉትም። ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ የኬንያና የኢትዮጵያ ጫት በብሪታኒያ የተከለከለ ዕፅ ሆነ፤ ሶማሌዎች፣ የመናውያንና ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው ይቅሙባቸው የነበሩት ቤቶችም ተዘጉ።